የወጋ ቢረሳ

ሰው ስለ ሌላው ሰው ያለውን እውነተኛ አስተያየት የሚገልጸው በአደባባይ አይደለም። በአደባባይ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ሁሉም «የአዳም ልጆች ነን» ይላል። ይህን ሲል አብዛኛውን ጊዜ እየዋሸ አይደለም፤ የሚያምንበትን መናገሩ ነው። ይሁን እንጂ እንግዳው ተሸኝቶ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ሌላ ዓይነት ንግግር ይጀመራል። «ለመሆኑ የማን ዘር ነው?» ይባላል። «አባቱ ምን ይሠራ ነበር?» ይባላል። «መልኩስ እንዴት ነው?» ይባላል። ድምፅ ዝቅ ብሎ የሚወጣው ይህ ቃል፣ በአደባባይ ከተነገረው ይልቅ የሰውን ልብ ያሳያል። ልጅ የሚድረውና ልጅ የሚከለክለው፣ ጎረቤት የሚያቀርበውና ጎረቤት የሚያርቀው እርሱ ነውና።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ተረቱ። አባባሉ ወጊውን ከወዲህ፣ ተወጊውን ከወዲያ አቁሞ ይናገራል። ነገር ግን በዚህ ዓለም ላይ ወጊ ብቻ ወይም ተወጊ ብቻ ሆኖ የሚኖር ሕዝብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ወግቶም ተወግቶም የሚያውቅ ሰው የትኛውን ያስታውሳል? የቤተ እስራኤል ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ይረዳል።

ቤተ እስራኤል በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን፣ በወልቃይት፣ በሽሬና በሌሎችም የሰሜን ኢትዮጵያ ቦታዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ፣ የኦሪትን ሕግ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ሲሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ግን «ፈላሻ»፣ ሲከፋም «ካይላ» ይሏቸው ነበር። ፈላሻ የሚለው ስም ፈለሰ ከሚለው ግስ ጋር ይዛመዳል፤ ስለዚህም መጤና አገር የለሽ የሚል ስሜት ይሰጣል። ስሙ ከኑሯቸው ጋር የተያያዘ ነበር። አብዛኞቹ የርስት ባለቤትነት መብት ስላልነበራቸው የሰው መሬት እያረሱ ለባለ ርስቱ ድርሻ ይከፍሉ ነበር። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሙያ ማደር አለበትና ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹም ሸክላ ሠሩ።

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። የወለቃ ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ። የገበያ ዕለት ሸክላ ሠሪዋ እንስራውን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን ደርድራ ስትቀመጥ ገዢዋ ትመጣለች። ገዢዋ ዕቃውን በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ዋጋ ትከራከራለች፤ ትገዛለች። ሸክላ ሠሪዋንም «እንደምን ሰነበትሽ?» ብላ ትሰናበታታለች። ነገር ግን ሕፃን አዝላ እንደሆነ ነጠላዋን በልጁ ፊት ላይ ትስባለች። ቡዳ እንዳይበላባት ነው። ቤቷ ስትደርስም እንስራውን በጥንቃቄ ከጀርባዋ አውርዳ፣ አጥባና አጥና ውሃ ትሞላበታለች። የሠራችውን እጅ እየፈራች፣ እጅ የሠራውን ግን ታከብራለች።

እንዲህ ያለው እምነት ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ሙያው ራሱ ነው። ገበሬው ጭንጫውን ብረት በእሳት አቅልጦ ማረሻና ማጭድ የሚያደርገውን ሰው አይቶ ይደነቃል፤ መደነቁም ወደ ፍርሃት ይለወጣል። የብረትን መልክ የሚለውጥ ሰው የራሱንም መልክ ሳይለውጥ አይቀርም ብሎ ያስባል። «ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚለው ወሬ የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። ሌላው ምንጭ ግን ከአስማት ጋር አይገናኝም። መሬት ያለው ሰው መሬት የሌለውን ሲንቅ ለንቀቱ ምክንያት ያስፈልገዋል። «መሬት ስለ ከለከልነው ደኸየ» ከማለት ይልቅ «በተፈጥሮው ክፉ ነው» ማለት ለኅሊና ይቀላል። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሲሽር፣ ከዚያ በፊት መሬት የተነፈጉ የእጅ ባለሙያዎችም የሚያርሱት መሬት እንዲያገኙ መንገድ ከፍቷል። አዋጁ መሬትን መስጠት ቻለ፤ በጓዳ የሚነገረውን ስም ማስተው ግን አልቻለም።

እውነቱን ለመናገር፣ መራቁ ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው ከሌላ እምነት ተከታይ ጋር መነካካትን ይጠየፉ ነበር። ነክተው እንደሆነ ወደ ቤት ሳይገቡ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። በዚህም ምክንያት ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» የሚል ቅጽል አውጥተውላቸው ነበር። አንዱ ወገን «ጅብ ናቸው» ሲል፣ ሌላው ወገን «ርኩሳን ናቸው» ይል ነበር። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ ንቀቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም። መሬትና ሥልጣን በእጁ የያዘ ሰው ንቀት ኑሮን ያናጋል፤ መሬት የለሹ ሰው ንቀት ግን ለራሱ መጽናኛ ከመሆን አልፎ ባለ ርስቱን አይጎዳም።

ይህም ሆኖ ሁለቱ ወገኖች እንደ ጠላት አልኖሩም። አንዱ ሲሞት ሌላው ያለቅሳል፤ አንዱ ሲድር ሌላው ይጠራል። የሥጋው ነገር ስለሚያለያይ፣ ደጋሹ ለተጠራው እንግዳ በሬውን ወይም በጉን ከነነፍሱ ይሰጠዋል፤ እንግዳውም በራሱ ሥርዓት አርዶ ይበላል። ይህ የሚያስመሰግን ጥበብ ነው። ታዲያ ቀን በሰርጉ አብሮ የዋለው ሰው ማታ ልጁ ሲያተኩሰው «እነዚያ በልተውት ነው» ይላል። ቀን ያሳየው ፍቅር ሐሰት አልነበረም፤ ማታ የተናገረውም ሐሰት አልነበረም። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ሳይጋጩ ተቀምጠዋል። የዘርና የወገን ነገር አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚንቁ ሁሉ ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ለይቶ ማወቁ በቀለለ ነበር።

አሁን ደግሞ በቤተ እስራኤል ቤት ውስጥ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። በጥንት ዘመን ባሪያ መግዛትና ማሳደር በኢትዮጵያ በብዙ ወገኖች ዘንድ የተለመደ ነበር። ንግዱን ለማስቀረት የተለያዩ ነገሥታት አዋጅ አውጥተዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት ወቅት ባሮች ነጻ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ፤ በነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ደግሞ የባርነት ሥርዓት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ቤተ እስራኤልም እንደ ጎረቤቶቻቸው ባሪያ ያሳድሩ ነበር። የተገዛው ሰው ወደ እምነታቸው ይገባል፤ ሰንበታቸውን ያከብራል፤ ቋንቋቸውን ይናገራል፤ እርሻቸውን ያርሳል። ሆኖም ልጁም የልጅ ልጁም «ባሪያ» መባሉ አይቀርም። የቀሩት «ጨዋ» ይባላሉ። ጨዋ ከባሪያ ወገን ጋር አይጋባም። ባርነት በአዋጅ ተሻረ፤ ስሙ ግን ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት መተላለፉን ቀጠለ።

ስሙን የሚያጅበው የመልክ አጠራር ነበር። በአማርኛ የሰው መልክ ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እየተባለ ይከፈላል። እነዚህ ቃላት ዐይን ያየውን ብቻ የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዘወትር እንዲህ አይደለም። ጨዋው መልኩ የጠቆረ ቢሆንም እንኳ ራሱን ከቀዮቹ ወይም ከጠይሞቹ ወገን ይቆጥራል። የባሪያ ዘር ነው የተባለው ሰው ደግሞ የቱንም ያህል ቢቀላ ከጥቁርነት አይወጣም። ስለዚህ ጥቁር ማለት የቆዳ ነገር ብቻ ሳይሆን የዘር ሐረግና የደረጃ ነገር ነበር። ከደምቢያ እስከ ወገራ ያለ ማንኛውም ሰው «ጥቁሩ ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ጣቱን የሚያመለክተው ወደ ሌላ ሰው ነበር እንጂ ወደ ራሱ አልነበረም።

ከዚያ ጉዞው መጣ። ከኅዳር 1977 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 1977 ዓ.ም. ድረስ በሱዳን በኩል ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እዚያ ለመድረስ በእግር የተጓዙት ሁሉ ግን አልተሳካላቸውም፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች በረኃብና በበሽታ ያለቁት በሺህ ይቆጠራሉ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ቅድመ አያቶቻቸው በጸሎት ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም እያዞሩ የተመኙት ምድር ላይ ወረዱ። ብዙዎቹ መሬቱን ሳሙ።

ነገር ግን በአገሩ ቀይ የነበረው ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ጥቁር ሆኖ አገኘው። በመልኩ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው የሚያየው ዐይን ነው። በጎንደር ገበያ «ፈላሻ» ሲባል የሚያመው ሰው፣ በእስራኤል ጎዳና «ኩሺ» የሚል ቃል ይሰማ ጀመር። ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ የኩሽን አገር ሰው የሚያመለክት ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ሲወረወር ግን ስድብ ነው። በአንዱ አገር በሃይማኖቱ ምክንያት ከሌላው የተለየው ሰው፣ በሌላው አገር ሃይማኖቱ አንድ ሆኖ ሳለ በመልኩ ምክንያት ተለየ።

በጥር 1988 ዓ.ም. አንድ ምስጢር በጋዜጣ ወጣ። ቤተ እስራኤል እንደ ሌላው ዜጋ ለሕሙማን የለገሱትን ደም፣ የአገሪቱ የደም አገልግሎት ለዓመታት ለለጋሾቹ ሳይነግር ይጥለው ኖሯል። የተሰጠው ምክንያት ከኢትዮጵያ የመጡት ሰዎች በኤድስ ቫይረስ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው የሚል ነበር። በሽታን መጠንቀቅ ማንም የሚነቅፈው አይደለም። ነገር ግን የአንድን ሰው ደም በምርመራ ከመለየት ይልቅ የወገንን ሁሉ ደም በጅምላ መድፋት ሌላ ነገር ነው። ከመድፋቱም በላይ ያሳዘነው አቀባበሉ ነበር፤ ነርሷ ደሙን ስትቀበል ታመሰግናለች፤ ለጋሹም ሰው አዳንሁ ብሎ ደስ እያለው ይሄዳል፤ ከኋላው ግን ይደፋል። በጎንደር ገበያ «እንደምን ሰነበትሽ?» እያለች የልጇን ፊት የሸፈነችው ሴት ሥራ በሌላ ዘመንና በሌላ መሣሪያ ተደገመ። ዜናው ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በ10 ሺህ የሚገመቱ ቤተ እስራኤል በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተሰለፉ። ከፖሊስ ጋርም ተጋጩ፤ ብዙ ሰው ቆሰለ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ።

የደሙ ነገር የመሥሪያ ቤት ውሳኔ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ግን የተራው ሰው ቃል ተሰማ። ቂርያት ማላኪ በምትባል ከተማ የሚኖሩ አንዳንድ የቤት ባለቤቶች ቤታቸውን ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዜና ወጣ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቁጣቸውን ለመግለጽ ወደ ከተማዋ ጎረፉ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የወታደር ልብስ የለበሰ የቤተ እስራኤል ወጣት በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ተሰራጨ። በቴል አቪቭ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። ሰልፈኞቹ በአብዛኛው እዚያው ተወልደው ያደጉ ወጣቶች ነበሩ። እነርሱ አባቶቻቸው በዝምታ ያሳለፉትን በዝምታ ሊያሳልፉት አልፈለጉም። በተከታዩ ዓመት የመንግሥት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ አድልዎ መኖሩን አምኖ የመፍትሔ አሳብ አቀረበ፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥም ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተቋቋመ።

የተወጋው እንዳልረሳ ይህ ሁሉ ያስረዳል። ወግቶስ እንደሆነ?

አገር ለቆ የሄደ ሰው ጓዙን ሁሉ ጥሎ ሊሄድ ይችላል፤ ቃሉን ግን ጥሎ አይሄድም። ጨዋና ባሪያ የሚለው ልዩነት ከቤተ እስራኤል ጋር ባሕር ተሻግሯል። ወላጆች ለጋብቻ ሰባት ትውልድ ሲቆጥሩ፣ ዋናው ዓላማ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ መጠንቀቅ ነው፤ ሆኖም በዚያው አጋጣሚ የሌላውም ነገር ይመረመራል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በተነሣበት ቤት እናትና ልጅ ምን እንደሚነጋገሩ መገመት አያስቸግርም።

«ልጁስ መልካም ነው፤ ሥራም አለው» ትላለች እናት። «ነገር ግን አያቱን የሚያውቁ ሰዎች ነገሩን። ከእነዚያ ወገን ነው።»

«ከየትኞቹ ወገን፣ እማዬ?»

«አንቺ አታውቂውም። ድሮ የሚገዙ ነበሩ።»

«ትናንት በሰልፉ ላይ አብሮኝ ነበር። ፖሊሱ ሲገፋን የእርሱንና የእኔን አያት አልጠየቀም። ለፖሊሱ ሁለታችንም አንድ ነን።»

«ፖሊሱ ምን ያውቃል!» ትላለች እናት።

«ፖሊሱ የማያውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ ማለት ነው» ትላለች ልጅ።

እናት መልስ የላትም። ክፉ ሴት ስለሆነች አይደለም። ልጇን ወድዳ፣ የሠፈር ወሬ ፈርታ፣ ከእናቷ የወረሰችውን ቃል መመለሷ ነው። የጎንደሯ ገዢ ሴትም ልጇን ስለ ወደደች ነበር ፊቱን የሸፈነችው። የቂርያት ማላኪው ባለቤትም ቢጠየቅ «እኔ ምንም አልጠላቸው፤ የቤቴ ዋጋ እንዳይወርድ ብዬ ነው» ሳይል አይቀርም። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ንቀት ሰበብ አለው፤ የሌላው ንቀት ግን ሰበብ የሌለው ዘረኝነት ሆኖ ይታየዋል። ወጊ የሚረሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲወጋ መውጋቱ አይመስለውምና።

ይህ ታሪክ የቤተ እስራኤል ታሪክ ብቻ ተደርጎ ቢወሰድ ስሕተት ይሆናል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸው ተደንግጓል። ሆኖም በጣና ዳር ወይጦ፣ በካፋ ማንጆ፣ በሌላውም ቦታ ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂና ሸክላ ሠሪ የተባሉ ሰዎች የተናቁበት ታሪክ ረጅም ነው፤ አሁንም አብሮ መብላትና መጋባት በአንዳንድ ቦታ ያከራክራል። ከምዕራብ ድንበር አካባቢ የመጣ፣ መልኩ የጠቆረ ተማሪ በከተማ መንገድ ላይ ሲሄድ ከኋላው የሚወረወረውን ቃል ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ቃሉን የወረወረው ልጅ ግን በዚያው ሳምንት በውጭ አገር አንድ ኢትዮጵያዊ በጥቁርነቱ እንደ ተሰደበ ቢሰማ ከልቡ ይቆጣል። ቁጣው እውነተኛ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሱን ቃል በሌላው ጆሮ መስማት።

ሕግ ያስፈልጋል። ሕግ ባይኖር ባርነት አይሻርም፣ መሬት አይከፋፈልም፣ የተጣለውም ደም አይጠየቅም ነበር። ነገር ግን ሕግ ቶናው ሲቀዳ በጓዳ የለም። እዚያ ያሉት እናት፣ አክስት፣ ጎረቤትና ዳር ተቀምጦ የሚያዳምጥ ልጅ ናቸው። ክፉው ቃል የሚወረሰው እዚያ ነው፤ የሚቆመውም እዚያ ነው።

ለማቆም ደግሞ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ከተሰበሰቡት መካከል አንዷ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ፣ «ተዉ፤ እዚህ ቢኖር እንዲህ አንለውም ነበር» ብትል በቂ ነው። ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ ይቀዘቅዛል። አንዱ ያኮርፍ ይሆናል። ዳር የተቀመጠው ልጅ ግን ሁለት ነገር ሰምቷል፤ ቃሉንና «ተዉ» የሚለውን። ሲያድግ ሁለቱም ትዝ ይሉታል።